ልጄ ሳሏን የደበቀችብኝ ዓመት

ባለፈው ወር ሐኪም ቤት ወረፋ ስንጠብቅ ከሳንጃ የመጣች አንዲት እናት አጠገቤ ተቀመጠች። ሁለት ዓመት የማይሞላው ልጅ ታቅፋለች። ልጇ በሳንባ ሕመም ሲተኛ ሦስተኛ ጊዜው እንደሆነ ነገረችኝ። ከዚያ የኔዋን ሂክማን አየቻት። ሂክማ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ቀጭን ግን ቀልጣፋ ናት። ከሚያስሉት ሰዎች ራቅ ብላ በረንዳው ላይ ቆማ መጽሐፍ ታነብ ነበር።

"ሸጋ ልጅ ናት። እሷም ሳንባዋን ነው?" አለችኝ።

"አዎ፤ ከተወለደች ጀምሮ።"

"ታዲያ ምን አድርገሽ ነው እዚህ ያደረስሻት?"

ስለ መድኃኒቱ፣ ስለ እጅ መታጠብ፣ አክታው እንዲላቀቅ ጠዋትና ማታ ደረትና ጀርባዋን ስለመምታት ነገርኳት። አንድ ቃል እንዳያመልጣት ጎንበስ ብላ ሰማችኝ። በመጨረሻም "ጎበዝ እናት ነሽ፤ ፈጣሪ ያቆይልሽ" ብላ መረቀችኝ። ቤቴ ስገባ ምርቃቷ ከበደኝ። የነገርኳት ሁሉ እውነት ነው። ያስቀረሁባት ግን ከነገርኳት ይበልጣል፤ ያስቀረሁትም አፍሬበት ነው። እሷን ዳግመኛ አላገኛት ይሆናል። እንደ እሷ ያለች ሌላ እናት ካነበበችው ብዬ እዚህ እጽፈዋለሁ።

ዘሀራ እባላለሁ። ጎንደር አዲስ ዓለም ተወልጄ ያደግሁ፣ አራተኛ ክፍል የአካባቢ ሳይንስ አስተምር የነበርኩ ሴት ነኝ። ባለቤቴ ኑሩ እንደ አባቱና እንደ አያቱ ቅዳሜ ገበያ ጨርቃ ጨርቅ ይነግዳል። ሂክማ የመጀመሪያ ልጃችን ናት፤ ሌላም አልደገምንም።

የተወለደችው ሚሊኒየሙ ከመከበሩ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ነው። በሁለተኛ ወሯ ማሳል ጀመረች፤ ሳሉም ከዚያ ወዲህ ጨርሶ ለቋት አያውቅም። ጡት ስትጠባ የምትጠግብ አትመስልም፤ ሆኖም አትወፍርም። ሰገራዋ ቅባት ያለውና ሽታው ለብቻው የሆነ ነበር። ስስማት ደግሞ ግንባሯ ጨው ጨው ይላል። ይህን ለኑሩ ስነግረው "ሁሉም ሕፃን ሲያልበው እንዲያ ነው" አለኝ፤ እኔም ረሳሁት።

ወተቴ አልበቃ ሲላት የባለቤቴ ታላቅ እህት ፋጡማ አጠባቻት። ፋጡማ ከእኛ ቤት ሁለት መንገድ አለፍ ብላ ነው የምትኖረው። የራሷ ልጅ ሰሚራ ከሂክማ በሦስት ወር ትበልጣለች። አንዷን በቀኝ፣ አንዷን በግራ ታቅፍና "ሁለቱም የእኔ ናቸው" ትል ነበር። በሃይማኖታችን አንድ ጡት የጠቡ ልጆች እህትማማች ናቸው። ስለዚህ ሰሚራና ሂክማ የአክስትና የአጎት ልጆች ብቻ አልነበሩም።

ሳሉ አልለቅ ሲላት ጎረቤቶች "እንጥሏ ወርዶ ነው፤ አስቆርጫት" አሉኝ። እንጥል ማስቆረጥ ጎጂ ልማድ እንደሆነ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ልጄን ግን በስምንት ወሯ ወስጄ አስቆረጥኳት። ሦስት ቀን ደም የቀላቀለ ምራቅ አዝረበረበች፤ ሳሉ እንደነበረ ቀጠለ። በትምህርት ቤት ለማንም አልተናገርኩም።

ከዚያ ክሊኒክ ለክሊኒክ መዞሩ ተጀመረ። የመጀመሪያው የሳንባ ምች ነው አለ፤ መርፌ ተወግታ ተሻላት፤ በወሩ ተመለሰባት። ሌላው ጃርዲያ ነው ብሎ የሆድ መድኃኒት ሰጠን። ሁለት ዓመት ሲሆናት "ቲቢ ሳይሆን አይቀርም" ተባለና ስድስት ወር ሙሉ የቲቢ ኪኒን ዋጠች። ኑሩ፣ እኔና ፋጡማ ሳይቀር ተመረመርን፤ አንዳችንም የለብንም። ስድስት ወሩ ሲያልቅ ከጀመረችበት ቀን ይልቅ ከስታ ነበር። አስም ነው ያለም ነበር። ከኑሩ ዘመዶች አንዷ "እናትየው ወገን የሆነ ነገር አለ" ማለቷን ሰማሁ፤ እኔም በተራዬ የእነሱን ወገን እጠረጥር ጀመር። ኑሩ በሁለታችን መካከል ሆኖ ዝም ይላል። በኋላ እንደተረዳሁት በሽታው ልጅ ላይ የሚወጣው ከሁለቱም ወላጅ ሲወረስ ነው። እኔም እሱም ምንም ሳያመን ተሸክመነው ኖረናል።

ሂክማ አራት ዓመት ሲሆናት አንዲት የሕፃናት ሐኪም ዘንድ ደረስን። ያን ቀን ከካርድ ክፍል እስከ ሐኪሟ ክፍል ለመድረስ አምስት ሰዓት ጠብቀናል። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ፋይሉን ገጽ በገጽ አነበበችው። የሂክማን ጣቶች አየት አደረገችና ዞር ብላ "ስትስሚያት ጨው ጨው ትላለች?" አለችኝ።

በአራት ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እኔም አውቀው የነበረውን ነገር ለአንድም ሐኪም አልተናገርኩም።

"ከልጅነቷ ጀምሮ" አልኩ።

ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ሊሆን እንደሚችል፣ የሚረጋገጠውም ላቧ ውስጥ ያለው ጨው ተለክቶ እንደሆነ፣ ምርመራው ግን ጎንደር ላይ እንደማይገኝ ነገረችኝ። አጎቴ ካርቱም ይነግድ ነበር። ደውለንለት ምርመራው እዚያ እንዳለ አረጋገጠልን፤ በመተማ በኩል ሄድን። መተማ ላይ ሙቀቱ ሂክማን ጣላት። ፊቷ ላይ ላቧ ደርቆ እንደ አመዳይ ነጭ ሆነ፤ አንገቷ ዘመመ። አብሮን ይጓዝ የነበረ የገዳሪፍ ነጋዴ ውኃ በስኳርና በጨው በጥብጦ በማንኪያ እየሰጠ አነቃልኝ። ስሙን እንኳ ሳልጠይቀው ወረደ።

ካርቱም ላይ ክንዷ ላይ አንዲት ትንሽ መሣሪያ አስረው ላብ ወሰዱ። በማግሥቱ ሐኪሙ አጎቴን አስተርጓሚ አድርጎ አስረዳኝ። የሂክማ ሰውነት ጨውና ውኃን በትክክል ማመጣጠን አይችልም። ስለዚህ ሳንባዋ ውስጥ ያለው ፈሳሽ እንደ ሙጫ ይወፍራል፤ ጀርም ሲገባም ይዞ ያስቀረዋል። ምግብ የሚፈጨው ፈሳሽም ስለሚዘጋ የበላችው አይዋሃዳትም። ጨርሶ የሚያድን መድኃኒት የለም፤ በጥንቃቄ ግን ትኖራለች፤ ታድጋለች። ከምግብ ጋር የሚወሰድ እንክብል ሰጠን። ደረቷን እንዴት እንደምንመታ አሳየን። ጉንፋን የያዘው ሰው እንዳይጠጋት፣ እጃችንን በሳሙና እንድንታጠብ፣ ጭስና የቆመ ውኃ እንዳይነካት መከረን።

ቀጥሎ ደግሞ "አትሰሯት" አለ። "ትሩጥ፣ ትማር፣ ከልጆች ጋር ትጫወት። ሩጫ አክታዋን ያወጣላታል። የታሰረ ልጅ በሌላ በኩል ይታመማል።"

አጎቴ ሁለቱንም እኩል ተርጉሞልኛል። የያኔው ማስታወሻ ደብተሬ አሁንም አለ። ስለ ጀርም የተባለውን በሁለት ገጽ፣ በቁጥር፣ በቀይ እስክሪብቶ እያሰመርኩ ጽፌዋለሁ። ሁለተኛው ምክር ደብተሩ ውስጥ የለም።

ጎንደር ስንመለስ ማስተማሬን ተውኩ። ምንጣፎቹን አወጣሁ፤ ዶሮዎቹን ሸጥኩ። የውጭ ጫማ ከበር አያልፍም። እንግዳ በረንዳ ላይ ይቀመጣል፤ የሚያስል ከሆነ በረንዳውም አይፈቀድለትም። ጎንደር ውኃ በሳምንት አንዴ ቢመጣ ነው፤ እኔ ያን ውኃ በበርሜልና በጄሪካን አጠራቅሜ ግማሹን በረኪና ጨምሬበት ወለልና በር እወለውልበት ነበር። ኑሩ ከሱቅ ሲገባ ልብሱን ግቢ ውስጥ ይቀይራል።

ሂክማም ወፈረች። እንክብሉ ሠርቶላት፣ ደረቷን መምታቱ ረድቷት፣ በስድስት ወር ልብሷ ጠበባት። እኔ ግን ሁሉንም የበረኪናው ሥራ አደረግሁት። ጎረቤት "ልጅቷን ከሞት አፍ አወጣቻት" ሲል እሰማለሁ፤ ደስ ይለኛል። ኩራቱ እንደያዘኝ አላስተዋልኩም።

ሰባት ዓመቷ ላይ ትምህርት ቤት ገባች። በሦስተኛ ሳምንቷ ጉንፋን ያዛትና አሥር ቀን ተኛች። ሲሻላት አልመለስኳትም።

"እስከ መቼ?" አለኝ ኑሩ።

"እስክትጠነክር።"

"የካርቱሙ ሐኪም ያለውን እኔም ለአጎትሽ ደውዬ ሰምቻለሁ፤ ዘሀራ። ትማር ነው ያለው።"

"ሐኪሙ አያስታምማትም። የማስታምማት እኔ ነኝ።"

ይህን ስለው ሁልጊዜ ዝም ይላል። አስተማሪ ስለሆንኩ ቤት አስተማርኳት። ፊደልና ሒሳብ ከእኩዮቿ ቀድማ ያዘች። ከሰዓት በኋላ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የግቢው በር ሥር ቁጢጥ ብላ በስንጥቁ እግራቸውን ትቆጥር ነበር። "ዛሬ የሰሚራ ጫማ አዲስ ነው" ትለኛለች። ሳያመኝ እሰማት ነበር ማለት አሁን ይከብደኛል፤ እውነቱ ግን እሱ ነው።

በዚያ ሁሉ ጊዜ የረዳችኝ ፋጡማ ናት። ደረት መምታቱን ከእኔ ተምራ ከእኔ በልጣ ነበር። መዳፏን ጎድጎድ አድርጋ ስትመታት ሂክማን አያማትም፤ አክታውም ቶሎ ይላቀቃል። ስትመጣ ሳይነገራት እስከ ክርኗ ትታጠባለች። ቤቷ አንድ ሰው ካስነጠሰ ሳምንት ትቀራለች። ጥንቃቄን ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

የዒድ አልፈጥር ዕለት ሰዉ ከሶላት እየተመለሰ ሳለ ፋጡማ ሰሚራን ይዛ መጣች። ተምርና ብስኩት በሳህን ይዛለች። ሰሚራ አዲስ ቢጫ ቀሚስ ለብሳለች፤ አፍንጫዋ ግን ይፈሳል። በሩን ግማሽ ከፍቼ ቆምኩ።

"ጉንፋን ይዟታል?"

"ትናንት ማታ ጀመራት" አለች ፋጡማ። "አንገባም፤ እዚሁ ቆማ ሂክማ በመስኮት ቀሚሷን ትይላት ብዬ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ስታለቅስብኝ ነበር።"

ይህ ምንም ክፋት የለውም ነበር። መስኮቱ ከበሩ አሥር እርምጃ ይርቃል። እኔ ግን "ልጄን ልትገድዪብኝ ነው የመጣሽው?" አልኳት። መንገዱ ሙሉ ሰው ነው። ድምፄ ከፍ አለ። "ንፍጣም ልጅሽን ይዘሽ ከደጄ ሂጂ። ሁለተኛ እንዳላይሽ።"

ሰሚራ አፍንጫዋን በአዲሱ ቀሚስ እጅጌ ጠረገች። ፋጡማ ፊቷ ተለዋወጠ፤ ድምጿን ግን አላነሳችም።

"ዘሀራ፣ ሂክማን እኔም አጥብቻታለሁ" አለችኝ።

ሳህኑን ደጃፉ ድንጋይ ላይ አስቀምጣ ልጇን ይዛ ሄደች። ብስኩቱን ጣልኩት። ከዚያ በረኪና አምጥቼ ሳህኑ ያረፈበት ድንጋይ ላይ አፈሰስኩ። ቀና ስል ሰሚራ ከመንገዱ ጥግ ዞራ ታየኛለች። ሂክማም ከመስኮቱ ኋላ ነበረች።

ከዚያ በኋላ ከዓመት በላይ ፋጡማ ደጄን አልረገጠችም። ኑሩ ብቻውን እየሄደ ይጠይቃታል፤ ሲመለስ ምን እንዳለች አልጠይቀውም። በአጠገቧ ባጃጅ ላይ ሆኜ አልፌ አውቃለሁ፤ ፊቴን ወደ ሌላ አዙሬ።

ሂክማ ዘጠኝ ዓመት አልፏት ነበር። ዝምተኛ ሆነች። ያን ሰሞን ሳሏ ቀነሰ፤ ሁለት ወር ሙሉ ሐኪም ቤት አልሄድንም። ለኑሩ "አየህ?" አልኩት። "ሰው ሲቀር ሕመሙም ቀረ።" ክብደቷ ትንሽ ቀንሶ ነበር፤ ቁመት እየጨመረች ነው ብዬ አለፍኩት።

አንድ ሐሙስ ውኃ መጣና የአልጋ ልብስ ላጥብ የፍራሿን ሽፋን ገፈፍኩ። ከፍራሹና ከግድግዳው መካከል መሐረቦች ተወትፈው አገኘሁ። የኑሩ አሮጌ ካልሲም ነበረበት። ሁሉም በደረቀ አረንጓዴ አክታ ገግረዋል፤ ሁለቱ ላይ የደም ክር አለ።

ጠራኋት። በር ላይ ቆማ የያዝኩትን አየች።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"አልታመምኩም" አለች።

"ሂክማ፣ ይሄ ከአንቺ የወጣ ነው?"

"አልታመምኩም እማ። ደህና ነኝ።" እየተናገረች ከንፈሯን ሳየው ወደ ሰማያዊ አድልቷል። ግንባሯን ነካሁት፤ ይፋጃል። ቀሚሷን ገልጬ ሳያት በየትንፋሿ በጎን አጥንቷ መሐል ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ይገባል። በየቀኑ ሁለቴ ደረቷን የምመታ እናት ይህን አላየሁም። ቀሚስ ለብሳ "ቶሎ ጨርሺልኝ" ስትለኝ ቶሎ እየጨረስኩላት ከርሜያለሁ።

ኑሩ ከሱቅ እየሮጠ መጥቶ በባጃጅ ወሰድናት። የሕፃናት ክፍል ኦክስጅን ተደረገላት፤ በክንዷ መድኃኒት ተያያዘላት። በፊት ስለ ጨዋማው ግንባሯ የጠየቀችኝ ሐኪም አሁንም እዚያው ነበረች። ሂክማን "ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለቻት። ሂክማ እኔን አየች። ደግማ ጠየቀቻት፤ አሁንም እኔን አየች።

"እስኪ አንቺ ውጭ ቆዪን" አለችኝ ሐኪሟ።

ከመጋረጃው ኋላ ቆምኩ። ሂክማ በትንፋሽ መካከል እየቆረጠች ስትናገር ሰማኋት።

"ከታመምኩ እማ በሩን ትዘጋለች። ሰሚራ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በበሩ ስር ታወራኛለች። እማ አታውቅም። አንድ ቀን ሰሚራ አስነጠሳት። ከዚያ እኔ ማሳል ጀመርኩ። እማ ካወቀች ሰሚራን እንደ አክስቴ ታባርራታለች። ሌላ ጓደኛ የለኝም።"

"ሳሉን እንዴት ነው የምትደብቂው?"

"ትራስ አፌ ላይ አደርጋለሁ። ሽንት ቤት ገብቼ ውኃ አፈስሳለሁ። የቀረውን አክታ እውጠዋለሁ።"

ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "አትንገሪብኝ" አለቻት።

ኮሪደሩ ላይ ሰው ይተላለፋል። አንዲት አስታማሚ "ምነው እህቴ፣ አረፈች እንዴ?" ብላ ትከሻዬን ያዘችኝ። አይደለም ማለት አቅቶኝ ራሴን ግራና ቀኝ ነቀነቅኩ።

ሐኪሟ ወጥታ አግዳሚው ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። ትቆጣኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ብትቆጣኝ ይቀለኝ ነበር።

"ሰምተሻል አይደል?" አለችኝ።

"ሰምቻለሁ።"

"ሳንባዋ ውስጥ ያለውን ቀድማ የምታውቀው እሷ ናት። እሷ ካልነገረችን ያንቺም ዓይን የእኔም ማዳመጫ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። አሁን ሁለት ወር ዘግይተናል።"

ከአራት ቀን በኋላ የአክታዋ ምርመራ ውጤት መጣ። ሐኪሟ ወረቀቱን ይዛ ብዙ ጠየቀችኝ። ሂክማ ከካርቱም ያመጣነው፣ መድኃኒቱን ወደ ጉም ለውጦ የሚያስተነፍስ ትንሽ ማሽን ነበራት፤ እሱን እንዴት እንደማጸዳው ጠየቀችኝ። በየቀኑ ከበርሜሉ በቀዳሁት ውኃ አለቀልቀዋለሁ፤ አቧራ እንዳያገኘው እርጥቡን በፕላስቲክ እሸፍነዋለሁ አልኳት። ወረቀቱን አጠፈችው።

"የያዛት ጀርም እርጥብ ቦታና የቆመ ውኃ የሚወድ ነው። ከየት እንደመጣ በእርግጠኝነት ማወቅ አይቻልም። ከማሽኑ ሊሆን ይችላል፤ ከሌላ ቦታም ሊሆን ይችላል። በማስነጠስ ከሰሚራ የመጣ ግን አይመስለኝም። ማሽኑን ከእንግዲህ ቀቅለሽ በደንብ አድርቂው።"

የካርቱሙ ሐኪም "የቆመ ውኃ" ሲል በቀይ ጽፌዋለሁ። እኔ የመንገድ ኩሬ መስሎኝ ነበር። ለሰው በር ስዘጋ ጀርሙን ምናልባት በየቀኑ ሁለቴ በገዛ እጄ አፍንጫዋ ላይ ሳደርግላት ኖሬአለሁ።

ያን ዕለት ከሰዓት ኑሩን ልጅቷ ጋ ትቼ ፋጡማ ቤት ሄድኩ። በሩን አንኳኳሁ። ሰሚራ ናት በሩን የከፈተችው። ስታየኝ ወደ ኋላ ሸሸች፤ እጇን አፍንጫዋ ላይ አደረገች። ጉንፋን እንኳ አልነበራትም።

ፋጡማ ከጓዳ ወጣች። ተቀመጪ አላለችኝም።

"ሂክማ ሐኪም ቤት ናት" አልኩ።

"ኑሩ ነግሮኛል። መምጣት ፈልጌ ፈራሁሽ።"

"እትዬ፣ በድዬሻለሁ። በሰው ፊት አዋርጄሻለሁ። ልጅሽንም።"

"እኔን ያልሽኝ አልፏል" አለችኝ። "ድንጋዩን ስታጥቢ ግን ልጄ አይታሻለች። ማታ 'እኔ መርዝ ነኝ ወይ?' አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት?"

ወደ ሰሚራ ዞሬ በርከክ አልኩና ጥፋቱ የኔ እንደሆነ፣ ሂክማ የታመመችው በእሷ እንዳልሆነ፣ ሐኪሟ ራሷ እንደነገረችኝ አስረዳኋት። ሰሚራ እናቷን አየች። "እውነት ነው?" ብላ የጠየቀችው እናቷን ነው። እኔን ማመን አልቻለችም።

ፋጡማ ነጠላዋን አነሳች። አብረን ወጣን። ዋርዱ በር ላይ ስንደርስ ቆም ብላ "እጄን የት ልታጠብ?" አለችኝ። አሳየኋት። እስከ ክርኗ ታጠበች። ሂክማ ስታያት አልጋው ላይ ለመቀመጥ ታገለች፤ ፋጡማም አቅፋ ካስተካከለቻት በኋላ መዳፏን ጎድጎድ አድርጋ ጀርባዋን መምታት ጀመረች። እኔ አክታ መቀበያውን ያዝኩ።

ሦስት ሳምንት ተኛች። ኑሩ አንድ ቀን በረንዳው ላይ "ዝም ማለቴ ሰላም መስሎኝ ነበር" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ዝም አይልም። ባይመቸኝም እሰማዋለሁ።

ስትወጣ ወደ ትምህርት ቤት መለስናት፤ እዚያ የምትጠነቀቅበትን ሕግ ሐኪሟ ሂክማ ራሷ እንድትጽፈው አደረገች። አስተማሪዋ መስኮት ዳር አስቀመጠቻት። የውኃ ኮዳዋ የብቻዋ ነው። አጠገቧ ያለ ልጅ ካሳለ እሷ ትነሳና ቦታ ትቀይራለች፤ ማንም አይባረርም። የክፍሉን ልጆች "ሳሌ አይጋባም፤ የእናንተ ግን ወደ እኔ ይጋባል" ብላ ያስረዳችው ራሷ ናት። ከሰሚራ ጋር ትሮጣለች። አንዷ ጉንፋን ሲይዛት ሁለቱም ግቢ ውስጥ ተራርቀው ተቀምጠው እየጮኹ ያወራሉ።

አልታመመችም አልልም። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ጉንፋን ሳምንት አስተኝቷታል። ያን ጊዜ በሩን ልዝጋ፣ ደብተሯን ላስቀምጥ ብዬ ነበር፤ ኑሩ ባይኖር አደርገው ነበር። አሁንም ሰው ታክሲ ውስጥ ሲያስል ጥርሴን እነክሳለሁ። እጅ መታጠቡን፣ ማሽኑን መቀቀሉን፣ ጉንፋን ካለበት ሰው መራቁን አልተውኩም፤ ማንም እንዲተው አልመክርም። ለእናቶች የምለው ልጃችሁ ሲታመም ቀድሞ ሊነግራችሁ የሚፈልግ ልጅ ይሁን ነው። ቅጣት የሚመስል ጥንቃቄ ይህን ያጠፋዋል።

በቅርቡ ከትምህርት ቤት ገብታ ቦርሳዋን ሳታወርድ "እማ፣ ዛሬ አክታዬ አረንጓዴ ነው" አለችኝ። ፊቴን እያየች ትጠብቃለች።

"ትኩሳት አለሽ?"

"የለኝም። ግን ነገ ፈተና አለብኝ። ከፈተናው በኋላ ብንሄድስ?"

ለሐኪሟ ደወልኩ፤ ጠዋቱን መቆየት እንደምትችል ነገረችኝ። በማግሥቱ ተፈተነች። እኔ ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኳት።

ይህን ጽሑፍ ከማውጣቴ በፊት ለሂክማ ሰጠኋት፤ ስለ እሷ ስለሆነ ፈቃዷን መጠየቅ ነበረብኝ። ጠረጴዛው ላይ ሆና ቀስ ብላ አነበበችው።

"ለአክስቴ ያልሻትን ጽፈሽዋል" አለች።

"አዎ።"

"እሺ። አንድ ነገር ግን ቀርቷል። መጀመሪያ አክታዬ ላይ ደም ያየሁ ቀን ልነግርሽ መጥቼ ነበር። በር እየወለወልሽ ነበር። 'እማ' ስልሽ ዞር ብለሽ 'ምነው? ምን ሆንሽ?' አልሽኝ። ፊትሽን ሳየው 'ምንም' ብዬ ተመለስኩ።"

ያን ቀን ለማስታወስ ብዙ ሞከርኩ። አላስታውሰውም። በር የወለወልኩበት ቀን ብዙ ነው።

"ጨምሪው" አለችኝ። ጨመርኩት።